የአዮ ድምፅ የማናችን ነው

አሰላ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለወርቅቱ

በአንድ ግቢ ያሳደገን ጌታ ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ጀመረ? እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፤ የጭላሎ ተራራም ጉሙን ገፎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናትሽ አዮም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት።

በድምፅ መልእክት ልልክልሽ ነበር። ግን ሥራ ቦታ ሆነሽ መስማት እንደማይመችሽ ነግረሽኛል፤ ነገሩም ረዘም ስለሚል እንደ ደብዳቤ አድርጌ በኢሜይል ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ከብቅል ፋብሪካው ስመለስ የምይዘው ነገር አግኝቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ጫንኩ። በነፃ የሚገኝ፣ እንደኔ ለደስታቸው ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አንዱ መስመር ላይ ከበሮ፣ አንዱ ላይ ክራር፣ አንዱ ላይ ድምፅ እያደረግሽ ትደረድሪያለሽ። መጀመሪያ የሠራሁትን ብትሰሚው ትስቂ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የሚመስለው።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ መልስ አዮ ስልኳን እንዳስተካክልላት መጣች። አንድ የድሮ የኦሮምኛ መዝሙር ላይ ከበሮ እያስገባሁ ነበር። ቆማ ሰማችና «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«ከጋሽ ፍሰሐ መዘምራን ነው የያዝኩት።»

«እንዲህ አይደለም እኮ። ሮቤ ሳለን በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ፣ በር ዘግተን ነበር የምንዘምረው። ከበሮ ማን ይመታል? ጎረቤት ይሰማል!»

ከዚያ ተቀመጠችና በሁለት ጣቷ መዳፏን እየነካካች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ዘመረችው። ቶሎ ብዬ መቅጃውን ከፈትኩ። እሱን ስትጨርስ ሌላ አስታወሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። አንዳቸውም በመዝሙር መጽሐፍ ላይ የሉም።

ሰው እንዲሰማቸው ትንሽ ዌብሳይት መክፈት አሰብኩ። ስሙን ለማስመዝገብ የውጭ ባንክ ካርድ ስለሚጠይቅ እርዳታሽን እፈልጋለሁ። የሆስፒታል ኮምፒውተሮችን የምትጠብቂ አንቺ ነሽ፤ የደኅንነቱን ነገር ታውቂበታለሽ። ደግሞ በዚህች አሮጌ ላፕቶፕ የትኛውን ብሮውዘር ብጠቀም ይሻለኛል? ያለኝ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ያቃስታል።

ከመዝሙሮቹ አንዱን አያይዤልሻለሁ። አዮ ሰላም ብላሻለች።

የአጎትሽ ልጅ
ሚልካ


ትሮንድሄም (ኖርዌይ)፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሚልካ

የሰላም አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራ ስለበዛብኝ ቶሎ አልመለስኩልሽም።

ስለ ብሮውዘሩ፣ ስም ያለውን ሳይሆን በየጊዜው የሚታደሰውን ምረጪ። ለላፕቶፕሽ ቀለል የሚሉ ሁለት አሉ፤ ማውረጃ አድራሻቸውን በሌላ ኢሜይል ልኬልሻለሁ። ሁለቱንም ጫኚ። በአንዱ ፕሮግራሙንም ድምፁንም ፈልጊበት፣ እንደልብሽ ተንከራተቺበት። ሌላውን ለኢሜይልሽና ለዌብሳይቱ ብቻ ተዪው። ፓስወርድሽን ልያዝልሽ ሲልሽ እምቢ በዪው። ብሮውዘር ላይ የሚለጠፉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች ደግሞ አትመኚ፤ ብዙዎቹ ገብተው የሚሰርቁ ናቸው። በአድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ስላየሽም አትዘናጊ። መንገዱ መታጠሩን ነው የምትነግርሽ፤ የቤቱን ባለቤት ማንነት አትነግርሽም።

ዌብሳይቱን ከፍቼዋለሁ። ዋናው ፓስወርድ እኔ ዘንድ ይቆያል። ላንቺ መዝሙር ለመጫን ብቻ የሚያገለግል ሌላ ሰጥቼሻለሁ። ለደኅንነት ነው።

የላክሽውን መዝሙር ሰማሁት። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው የሰማሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዴት ብላ ዘመረችልሽ? እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በስልክ ስለምናት ኖሬአለሁ። «ጉሮሮዬ ሞቷል፣ ልጄ፤ ምን መዝሙር አለኝ» ነው መልሷ። አገር ቤት ስመጣ እቀዳታለሁ ብዬ ጥሩ ማይክሮፎን ገዝቻለሁ። ባለሙያዎች የሚሠሩበት የሙዚቃ ፕሮግራም አለኝ፤ እስከ ዛሬ አንድም ዜማ ጨርሼበት አላውቅም። ላንቺ ግን ስልኳን ልታሠራ መጥታ ዘመረችልሽ።

ደስ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ እንዲለኝ እየጣርኩ ነው።

ወርቅቱ


አሰላ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወርቅቱ

ምሕረቱ አያልቅምና ዛሬም ስለ ጤናሽ አመሰግነዋለሁ። እንደመከርሽኝ ብሮውዘሮቹን ለየብቻ አድርጌያለሁ፤ ላፕቶፗም ማቃሰቷን ተወች።

ዌብሳይቱን ሰው ሰማው! ከአርቦዬ አንዲት እናት በልጃቸው ስልክ ሰምተው፣ ስልካችንን አፈላልገው ደወሉ። አዮን «እህቴ፣ በሕይወት አለሽ?» አሏት። ለካ ያኔ በአንድ ቤት ተደብቀው አብረው ይዘምሩ ነበር። ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔ ስልኩን ለአዮ ይዤላት ነበር። ጋሽ ፍሰሐም መዝሙሮቹን ለመዘምራኑ ሊያስተምሩ ነው፤ ዝቅ ተደርገው እንዲዘመሩ ግን አስጠንቅቄያቸዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «የአዮ ልጅ» ይለኝ ጀምሯል። እኔም ማረሙን ትቻለሁ።

ደስ እንዲልሽ እየጣርሽ እንደሆነ ስለጻፍሽልኝ እኔም እውነቱን ልንገርሽ። አዮ እየዘመረች ስልኳ ከጮኸ፣ «ወርቅቱ ናት!» ብላ ከመሃል ጥላኝ ትነሳለች። ብዙ ጊዜ የቴሌ መልእክት ነው። ያም ሆኖ ትሮጣለች፣ በዚያ ጉልበቷ። ጉልበቷን የማሽላት እኔ ነኝ፤ ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ግን ያንቺ ነው። የእኔ አንድም የለም። አጠገቧ ያለ ሰው ፎቶ አያስፈልገውም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ሌላው፣ ዌብሳይቱ ውስጥ ስገባ «መታደስ አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ይታያል። በእኔ ፓስወርድ ማደስ አይቻልም። ዋናውን ብትሰጪኝ ምን ይመስልሻል?

ሚልካ


ትሮንድሄም፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚልካ

ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። የገና ሰሞን ታምሜ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።

ማስጠንቀቂያውን አይቼዋለሁ፤ ሳድሰው ይጠፋል። ዋናውን ፓስወርድ ልሰጥሽ አልችልም። ከላፕቶፕሽ ውጭ በሌላ ኮምፒውተር፣ መቼም መናኸሪያው አጠገብ ካለው የኮምፒውተር ቤት ሆነሽ ነው፣ ዌብሳይቱ ውስጥ እንደገባሽ የገባውን ሁሉ የሚጽፈው መዝገብ ያሳያል። ማን እንደተቀመጠበት በማይታወቅ ኮምፒውተር መግባት ምን ማለት እንደሆነ የነገርኩሽ መስሎኝ ነበር።

ስለ ቅጂዎቹም ልንገርሽ። ከጀርባ የሚያፏጭ ነገር አለ። አንዱ ላይ ዶሮ ይጮሃል። ሌላው ላይ እናቴ ትስላለች፣ አንቺ ደግሞ እንዳለ ትተሽዋል። ከገጹ ግርጌ «በሚልካ የተሰበሰቡ» ይላል። የኔ ስም የትም የለም። ዌብሳይቱን የከፈትኩት እኔ መሆኔን እርሺው፤ ልጅዋ መሆኔ እንኳ አልተጻፈም። ሰው «የአዮ ልጅ» ካለሽ ልታርሚው ይገባል፤ የአዮ ልጅ አንድ ናት።

ያልተነካኩትን ቅጂዎች ሁሉ ላኪልኝ። በእኔ ፕሮግራም አጸዳቸዋለሁ። የገዛ እናቴን ድምፅ ካንቺ ለምኜ የምቀበልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወርቅቱ


አሰላ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣ እንደምን ሰንብተሻል?

ቅጂዎቹን አንዱንም ሳላስቀር ልኬልሽ ነበር። «አጸዳቸዋለሁ» ስትዪኝ ሠርተሽ መልሰሽ የምታሰሚኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ዌብሳይቱን ስከፍት የእኔዎቹ የሉም። በሁሉም ቦታ ያንቺ ገብተዋል። ከግርጌውም ስሜ ተፍቆ «በልጅዋ በወርቅቱ የተዘጋጀ» ተብሏል።

አዮ አጠገቤ ስለነበረች አሰማኋት። የጨመርሽበት ከበሮ ሲጀምር ደንገጥ አለች። ድምፁ ሲገባ ጆሮዋን ወደ ላፕቶፑ አስጠግታ አዳመጠችና «ኩን ኤኙ?» አለችኝ። «ይቺ ማናት? ጥሩ ትዘምራለች። የማን ልጅ ናት?»

«አንቺ ነሽ እኮ፣ አዮ።»

ሳቀች። እየቀለድኩባት መስሏት ነው። ሁለተኛ ሳሰማት ግን ሳቋን አቋረጠች። «እኔ እንዲህ አልጮህም» አለችና ተነስታ ሄደች።

ሳሏን አጥፍተሻል። ትንፋሽ የምትወስድበትንም አጥፍተሻል። ድምፅዋ የሚሰነጠቅበትን ቦታ በፕሮግራምሽ አቃንተሽዋል። እነዚያ ሴቶች ባሎቻቸው ታስረው፣ በር ዘግተው፣ ልጆቻቸውን አቅፈው በሹክሹክታ የዘመሩት ነው። አንቺ ስታዲየም አስገባሽው። ሙያ እንዳለሽ አውቃለሁ። ይሄን ያደረግሽው ግን በሙያ አይደለም፤ ከእጄ ለመንጠቅ ነው።

የነበሩትን መልሺ። ስሜን ከፈለግሽ አትመልሺው።

ሚልካ


አሰላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣

መልስ አልሰጠሽኝም። አሁን የምጽፍልሽ ለሌላ ነገር ነው።

ትናንት ጋሽ ፍሰሐ በጉባኤው ፊት ቆመው፣ የእናቶቻችንን መዝሙር በዚህ ዌብሳይት ስሙ ብለው ተናገሩ። ሰው እዚያው ስልኩን አውጥቶ ከፈተ። የወጣው የቁማር ገጽ ነበር። እርቃናቸውን የቀሩ ሴቶች፣ የሚሽከረከር ሳንቲም፣ የሚጮህ ሙዚቃ። ጋሽ ፍሰሐ ፊታቸውን ሸፈኑ። አዮ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ግን ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

ስንወጣ አንዷ ሴትዮ እየሰማኋት «የአሮጊቷን ድምፅ ለቁማርተኛ ሸጠችው» አለች። እኔን ነው።

አዮ ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችው። «ሁለተኛ መቅጃ እንዳታመጪብኝ።»

ዋናው ፓስወርድ ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። ቀንተሽብኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ቀንቼብሻለሁ። እዚህ ድረስ ትሄጃለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም። አንቺ ካልሆንሽ ማን ነው?

ሚልካ


ትሮንድሄም፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚልካ፣

በእናቴ ስም እምልልሻለሁ፣ ቁማሩን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። የገቡት ግን በእኔ በር ነው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁና መዝገቡን መረመርኩት። ሌባው የገባው በዋናው ፓስወርድ ነው፣ ሰብሮ አይደለም። ከየት እንዳገኘው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። የአዮን ቅጂ ሳጸዳ ያ ፉጨት አልወጣልኝ አለ። ፕሮግራሜ ውስጥ ያለው መሣሪያ አልበቃኝም። ካንቺው የተሻለ፣ በጣም የተሻለ ማድረግ ነበረብኝ። ፍለጋ ገባሁና ፉጨት ያጠፋል የተባለ አንድ ነገር ከማላውቀው ገጽ አወረድኩ። አብሮ ብሮውዘሬ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም አስጫነኝ። ፓስወርዴ ደግሞ እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደምለው ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

ጠንቃቃ ነኝ፣ ሚልካ። እንጀራዬ ነው። ያን ቀን ግን የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንቺ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ፣ እናቴ ፊትሽ መዳፏን እየነካካች ስትዘምርልሽ።

ዌብሳይቱን አጽድቻለሁ። ፓስወርዶቹ ሁሉ ተቀይረዋል። ያንቺ ቅጂዎች ተመልሰዋል፤ ዶሮውም ሳሉም በቦታቸው አሉ። የእኔን ደምስሻቸዋለሁ። ዋናው ፓስወርድ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ግማሹን በስልክ፣ ግማሹን በሌላ መንገድ እነግርሻለሁ። ለጋሽ ፍሰሐም ራሴ ጽፌላቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለጉባኤው እንዲያነቡለት ለምኛቸዋለሁ።

እናቴን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰማችኝና «ሚልካ በልታለች ወይ፣ ከትናንት ጀምሮ አኩርፋለች» አለችኝ። ከይቅርታዬ መሃል የጠየቀችኝ ስላንቺ ነው። በዚያችም ሰዓት ቀናሁ። ምን ላድርግ?

ወርቅቱ


አሰላ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለወርቅቱ

ቁጣን የሚያበርድ ጌታ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ብዙ ስላቆየሁሽ ይቅርታ። ተናድጄ መጻፍ አልፈለግሁም።

ጋሽ ፍሰሐ ደብዳቤሽን ለጉባኤው አነበቡት። ያቺ ሴትዮ መጥታ ሳመችኝ። ዌብሳይቱ ደህና ነው፤ አሁን ማደሱንም ተምሬያለሁ።

ለእኔ የጻፍሽውን ደግሞ ለአዮ አነበብኩላት። ሁሉንም፣ መቅናትሽን ጭምር። ከዚያ የእኔንም ነገርኳት።

«ስለ ድምፄ ነው እንዲህ የሆናችሁት?»

«አዎ።»

«ይሄን ያህል ነገር መሆኑን ባውቅ ያኔ ጮክ ብዬ እዘምር ነበር» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ለምን እንደማትዘምርልሽ ጠየቅኋት። ወርቅቱ፣ እንዳለችው ነው የምጽፍልሽ።

«እሷ ስትሄድ ድምፄ ድምፅ ነበር። ያንን ይዛ ሄዳለች። ይሄን የተሰነጠቀውን በስልክ ባሰማት፣ እናቴ አረጀች ብላ በሰው አገር ብቻዋን ታለቅስብኛለች። አንቺን ግን ምን አፍርሻለሁ? ጥርሴ ሲወልቅ እንኳ አይተሽኛል።»

ይሄን ስሰማ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ቀናሁ እንጂ። ለእኔ የሰጠችኝ ለማንም የማትሳሳለትን ድምፅ ነው፤ ላንቺ የምታስበውን ደግሞ ደብቃ ይዛዋለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ እያሰብኩ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሙሉ ናሙና አበላሽቻለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አዮ ራሷ ቤቴ መጣች። «መቅጃሽን ክፈቺው» አለችኝ። ከፈትኩት። ወንበር አስጠጋሁላት፤ እንደ ሁልጊዜው አልጋው ጠርዝ ላይ ልቀመጥ ስል «አንቺ ውጪ» አለች።

«ማጥፊያውን አታውቂውም እኮ፣ አዮ።»

«ትመጪና ታጠፊዋለሽ። በሩ ላይ እንዳትቆሚ ደግሞ። እስከ ውጭው በር ሂጂ።»

ሄድኩ። የግቢውን በር ከፍቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ባጃጁ ያልፋል፣ ጋሪው ያልፋል፤ ከቤቱ የሚመጣ ድምፅ የለም። ሰው ሰላም ሲለኝ በቅጡ የመለስኩ አይመስለኝም። በገዛ ላፕቶፔ ቀናሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ስትጠራኝ ተመለስኩ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ደህና ነበር። «ለሷ ነው። እንዳትከፍቺው» አለችኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ፉጨቱን አላጸዳሁም፣ አልቆረጥኩም፣ አልሰማሁትም። ግን መቅጃውን ላጠፋ ስጠጋ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ማጥፋት አልቻልኩም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ስትዘምር እንደማውቃት። ወደ መጨረሻው ግን አንድ ቦታ ላይ ድንገት እስከ ላይ ወጥቷል።

እዚያ ላይ አዮ ጮክ ብላለች። ምን እንዳለች አላውቅም።

ሚልካ